ጋቢው ከበሩ ውጪ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጉለሌ ውስጥ ባለች አነስተኛ የፊዚዮቴራፒ ቤት የሳውና ሠራተኛ ሆኜ ሥራ ጀመርኩ። አሠሪዬ ሲስተር አስቴር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሥራውን ከማስረዳታቸው በፊት ፎጣ ሰጥተው ካቢኔ በሚሉት የሳውና ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። «መጀመሪያ ራስህ ቅመሰው» አሉ።

ካቢኔው ሁለት ሰው የሚይዝ የእንጨት ክፍል ነው። የጋለ ድንጋይም እንፋሎትም የለውም። ግድግዳው ላይ የተገጠሙት ማሞቂያዎች ኢንፍራሬድ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ጨረር ይሰጣሉ።

«ጠዋት እንጦጦ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አየሩ ብርድ ነው፤ ጀርባህ ግን ይሞቃል» አሉ ሲስተር። «ይህም እንደዚያው ነው። ከአየሩ ይልቅ ሰውነትን ነው የሚያሞቀው።»

ለደንበኛ የሚባለውንና የማይባለውንም ለዩልኝ። ሙቀቱ የደም ሥር ያሰፋል፣ ልብን ፈጠን ያደርጋል፣ የተያዘ ጡንቻ ያላላል። ሕመም ቀለለልን፣ እንቅልፍ ወሰደን የሚሉ አሉ፤ ጥናቱ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። «መርዝ ያወጣል» አንልም። ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው። ነፍሰ ጡር፣ ትኩሳት ያለበት፣ የልብ ወይም የግፊት ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳያማክር አይገባም።

ሁዳዴ እንደገባ ጋሽ ወንድሙ የሚባሉ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ወገባቸውን ይዘው መጡ። ከፋሲካ በኋላ ልጃቸውን ይድራሉ። መሸመኛው ላይ ግማሽ ቀን መቀመጥ ግን አቅቷቸዋል።

«የልጄን የሠርግ ቀሚስ ሌላ ሰው ሸምኖት እኔ ቆሜ ልመርቅ?» አሉ።

ካቢኔው ውስጥ አስገባኋቸው። ጥቂት ቆይቼ በሩን ስከፍት እስከ አፍንጫቸው ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ጋቢውን ያውልቁት።»

«ታዲያ ብርዱ በምን ይውጣ? ቤቴም ሲያመኝ ተጠቅልዬ ነው የሚያልበኝ።»

«እዚህ ጨረሩ ጋቢው ላይ ይቀራል፤ እርስዎ ጋ አይደርስም።»

«እንግዲያ ወገቡን የሚታከመው ጋቢዬ ነው በለኛ» ብለው ስቀው ሰጡኝ።

ውሃ ጠጥተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«በጾም?»

ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ውሃ በአፋቸው አልዞረም። ማሞቂያውን አጠፋሁት። ባዶ ሆድ፣ ያለ ውሃ ካላባቸው ራሳቸውን ሊስቱ እንደሚችሉ ነገርኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ነፍስ አባቴ ሆንክብኝ? ሸጎሌ ያሉት የሳውና ቤቶች ምንም ሳይጠይቁ ያስገባሉ» ብለው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ።

ሲስተር ከቢሮ ወጡ። «ጋሽ ወንድሙ፣ ጾምዎን ይፍቱ አላልንም። ከቅዳሴ በኋላ እህል ቀምሰው፣ ውሃ ጠጥተው ይምጡ። እንጠብቅዎታለን።»

«እዚያ ብሄድስ?»

«ሄደው ቢወድቁ ቀሚሱን ማን ይሸምነዋል?»

ጋሽ ወንድሙ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ሲስተር ደንበኛ አባረርክብኝ አላሉኝም። «ደግ አደረግህ» ብቻ አሉኝ። ለዚያ ቃል እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ወንድሙ ናቸው፤ ጢማቸው ላይ ሽሮ አለ።

«ጠጥቻለሁ። ሆዴ እንደ ቅል ይንቦጫቦጫል» አሉ።

ገብተው ትንሽ እንደቆዩ ጠሩኝ። «ይሄ ነገር አይሞቅም። መብራት ሄዷል?»

«ግንባርዎን ይዳስሱት።»

ዳሰሱት። እጃቸው ረጠበ። ሲወጡ ቀና ብለው ቆሙና «ብርዱ ወጣልኝ» አሉ።

«ብርድ አይደለም፣ ጡንቻዎ ነው የላላው» አሉ ሲስተር። «የወገብ እንቅስቃሴ ካልሠሩ፣ ከመሸመኛውም ቶሎ ቶሎ ካልተነሡ ተመልሶ ይይዝዎታል።» ምንጣፍ አንጥፈው የወገቡን እንቅስቃሴ አሳዩአቸው።

ጋሽ ወንድሙ ጾሙን ሙሉ፣ ከሰዓት በኋላ እህልና ውሃ ቀምሰው ተመላለሱ። እንቅስቃሴውን እያጉረመረሙ ሠሩት።

ከዚህ ሥራ የያዝኩት ይህን ነው፦ ማሞቂያው ከመከፈቱ በፊት ሰውየው ይጠየቃል።

ሙሽራዋ አባቷ የሸመኑትን ለብሳ ተዳረች። ከሠርጉ በኋላ ጋሽ ወንድሙ በእጃቸው የሠሩትን አዲስ ጋቢ አመጡልኝ። ከካቢኔው በር ውጪ፣ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።