ልጄን የሸኘሁበት ድምፅ

በደሉ ይህ ነው። ልጄን የሸኘሁበትን ሙሾ የልጅ ልጄ ሳያስፈቅደኝ ድምፁን አሻከረው፣ ቃሉ እንዳይለይ አደረገው፣ ዘፈን ውስጥም ከተተው። ዘፈኑ ከእጁ ወጥቶ ሰው ዘንድ ደረሰ። እኔ መሆኔን ያወቀ የለም፤ «እንግዲያ ምን ጎዳሽ?» የሚሉኝ አሉ። ስም ሳይጠራ የተበደለ ሰው አልተበደለም እንዴ? በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳት ፊደል ይህን ለመጻፍ ከበቃችኝ ሌላ አልጠይቃትም።

ልጄ ደብረ ማርቆስ በገዛ ቤቷ ታማ ሞተች። አንድ ልጅ ነበራት፤ እሱም አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነበር። ለቀብር እንደማይደርስ ስናውቅ «ማንም በስልክ እንዳይነግረው» አልኩ። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ደጁን አንኳኩቶ፣ ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚያረዳው። እንዲያው ተደረገ። ለሠልስት ሲመጣ «በወጉ አረዱህ?» አልኩት።

«በወጉ፣ እምዬ» አለኝ።

በዚያ ሁሉ መዓት ውስጥ አንድ ነገር እንኳ እንደሚገባው በመሆኑ ልቤ ትንሽ አረፈ።

በቀብሯ ዕለት አልቃሽ እንጥራ ቢሉኝ እምቢ ብዬ ራሴ አወረድኩላት። ከሉማሜ እስከ ደብረ ኤልያስ ለስንቱ ሰው አልቅሻለሁ፣ ለልጄ ሌላ ሰው ሊያለቅስላት ነው? ሙሾ ለሟች የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ቃሉ ካልተሰማ ጩኸት ብቻ ይሆናል። ያን ቀን ያልኩት እንዲህ ነበር፦

እኔ ከፊት ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ፣
ልጄ ቀድማኝ ገባች ማንንም ሳትጠይቅ።

ለቀስተኛው ተቀበለኝ። ቤቱ ሞልቶ፣ ግቢው ሞልቶ፣ እስከ መንገዱ ድረስ ተቀበለኝ።

ሙት ዓመቷ ካለፈ በኋላ የልጅ ልጄ ጠቅልሎ መጥቶ እናቱ ቤት ገባ። መኝታ ክፍሏን ስቱዲዮ አደረገው። ግድግዳውን በብርድ ልብሶቿ ሸፈነ፤ ኮምፒውተርና ማይክራፎን አስገባ። ትንፋሽ እንዳያበላሽ ብሎ ስስ የሴት ካልሲ በሽቦ ቀለበት ላይ ወጥሮ ማይክራፎኑ ፊት አቆመ። አንድ ቀን «እምዬ፣ ያን ሙሾ ልቅረጽዎት፤ እንዳይጠፋ» አለኝ።

ሬሳ በሌለበት ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው፤ ሞትን ና ብሎ መጥራት ነው።

«ለማን ነው የማለቅሰው?» አልኩት።

«ለእናቴ።»

«እሷንማ አልቅሼላታለሁ።»

«እኔ አልነበርኩም» አለ።

ይህ እውነት ነው። ሁሉም ከለቅሶዋ ድርሻውን ሲያነሳ እሱ ብቻ አልደረሰውም። ስለዚህ እሺ አልኩ። «ከዚህ ቤት እንዳይወጣ ግን» አልኩት፤ እሺ አለ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ብርድ ልብሶቿ መካከል ቆምኩ። ጠረኗ ገና አልለቀቃቸውም ነበር። ድምፄ ከአፌ ሲወጣ ብርድ ልብሱ ዋጠው። ተቀባይ የሌለው ሙሾ ምን እንደሚያህል ያን ዕለት አየሁት፤ ሰው ከራሱ መቃብር ውስጥ ሆኖ የሚያለቅስ ይመስላል።

ከርሞ፣ ከሉማሜ በሚኒባስ ስመለስ ሾፌሩ ሙዚቃ ከፈተ። መጀመሪያ ከበሮ መጣ፣ ቀጥሎ ድምፅ። የተቀደደ ድምፅ ማጉያ ውስጥ የሚጮህ ሰው ይመስላል፤ ይነዝራል፣ ይፍቃል። ቃል የለውም። ዜማውን ግን ገላዬ ቀድሞኝ አወቀው። ድምፁ ትንፋሽ ሲወስድ እኔም እዚያው ላይ ሳላስበው ትንፋሽ ወሰድኩ።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ኧረ ይቺን ሴትዮ ምን ነካት? ጅብ ጉሮሮዋን ይዟት ነው?» አለች።

ረዳቱ «አርፈሽ ስሚ፣ ያንቺም ከዚህ አይሻልም» አላት፤ ሰው ሳቀ።

«ወራጅ አለ» ብዬ መንገድ ላይ ወረድኩ።

ከዚያ ወዲህ ያ ድምፅ አልተለየኝም። ነፋስ የቤቴን ቆርቆሮ ሲነካው እሰማዋለሁ። የጎረቤት ለቅሶ ላይ ሙሾ ላወርድ አፌን ስከፍት ከጉሮሮዬ የወጣው የኔ አልነበረም፤ የሚኒባሱ ነበር። ሙሾውን ትቼ ተቀመጥኩ። ሰው ሐዘኗ ነው አለ። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ልጄ ካለችበት ሆና ያን ብትሰማ «እናቴ ናት» ትላለች? ወይስ ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ ፊቷን ታዞራለች?

ስለዚህ የነፍስ አባቴን ይዤ ወደ ልጄ ቤት ሄድኩ። ያለ ሽማግሌ የሚነሳ ክስ ጭቅጭቅ ነው። ሦስታችን እዚያ ክፍል ተቀመጥን።

«ክፈተው» አልኩት። ከፈተው።

የነፍስ አባቴ ጆሯቸውን አዘንብለው ቆዩና «እኔስ ደጀን ላይ የጭነት መኪና ፍሬን የያዘ መስሎኝ» አሉ።

«ዲስቶርሽን ይባላል፣ አባ» አለ የልጅ ልጄ። «ድምፅን የሚያሻክር ነው። ንጹሑ አልጠፋም፣ ይኸው ይስሙ።» አንድ ነገር ነካ፤ የኔው ድምፅ፣ ቃሉ አንድ በአንድ እየተለየ፣ ክፍሉን ሞላው። የነፍስ አባቴ አማተቡ። «ሁለት አድርጌ ገለበጥኩት። አንዱን እንዳለ ተውኩት፤ ሌላውን አሻከርኩና ንጹሑን ከሥሩ ዝቅ አደረግሁት።»

«ንጹሑ ካለ ለምን ዝቅ አደረግኸው?» አልኩት።

«እንዲያ ያምራል፣ እምዬ።»

«እኔ እንዲያምር አላለቀስኩም።»

«አሁን ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራ።»

«ሁሉም ልጁን ቀብሯል? ከቤት አይወጣም ብለኸኝስ አልነበር?»

«ለአንድ ጓደኛዬ ብቻ በፍላሽ ሰጠሁት። እሱ ነው ያወጣው። እዚያ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እሱን ይቅር እልሃለሁ። የጠየቅሁህ ሌላ ነው። ለእናትህ ያልኩትን ቃል ለምን ቀበርከው?»

የነፍስ አባቴ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና «ልጄ፣ ለእኔ የሚያምር ምክንያት አትፈልግልኝ። ለእሷ እውነቱን ንገራት» አሉት።

ወደ እኛ አልዞረም። ኮምፒውተሩን እያየ ነው የተናገረው።

«በቀብሯ ቀን እናቴ ስልክ ላይ ደውዬ ነበር። መታመሟን ብቻ ነበር የማውቀው። ሰው አነሳው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እናቴን አገናኙኝ አልኩ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰውዬው መናገርም መዋሸትም አቃተው መሰለኝ፣ ሳይዘጋው አንድ ቦታ አስቀመጠው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እርስዎ ሲያለቅሱ ሰማሁ። አንድ ቃል አልለየሁም፤ ድምፁ ግን የእርስዎ እንደሆነ አወቅሁ። እንዲህ ተቀዳዶ ነው የደረሰኝ። በማግስቱ ዘመዶች ደጄን ሲያንኳኩ ምንም እንዳልሰማ ሆኜ ከፈትኩላቸው። እምዬ፣ እርስዎ የቀበሯት በቃል ነው። እኔ የቀበርኳት በዚህ ድምፅ ነው፤ ሌላ ቀብር የለኝም።»