ሰማያዊው በር

ሠዓሊው የተዘጋ ሰማያዊ በር ብቻ የሚስለው ባሕር ማዶ ከሰባት ሊቃውንት እግር ሥር ተምሮ ነው ይባላል። እንጃ፤ ለአንድ በር ሰባት ሊቅ አይበዛም? በከተማው የእሱ በር ያልተሰቀለበት ግድግዳ ቢኖር ገና ያልተገነባው ነው። የካፌዋ አስተናጋጅ የምታውቀው ግን ሌላ ነው፤ ቀለም የጠገበ ካፖርቱን ለብሶ ይቀመጥና፣ ሰው ገብቶ በሩን በዘጋ ቁጥር ተነሥቶ ገርበብ ያደርገዋል።

ዛሬ ሥዕል ታቅፎ ገባ። ሥዕሉ ላይ ሰማያዊው በር በጣት ስፋት ተከፍቷል።

"ገዢው መለሰው፤ 'የእርስዎ አይመስልም' አለኝ።"

"ታዲያ ጋሼ፣ መዝጋቱን ያስተማረዎት የትኛው ሊቅ ነው?"

"የምን ሊቅ? አባቴ በር ቀቢ ነበር፤ ያየሁት እሱን ነው። ዘግቼ የሳልኩትም ውስጡን መሳል ስለማልችል ነበር። አሁን እችላለሁ፤ የሚያስከፍተኝ ጠፋ እንጂ።"