ወንድሜ የተሳፈረባት የሮኬት ጀልባ

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጬ የአማኑኤል ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ቴሌቪዥኑ ሮኬት ስለታጠቁ የጦር መርከቦች ታሪክ ያወራ ነበር። አንዲት ትንሽ ጀልባ እሳት ተፍታ ከሩቅ ያለውን ግዙፍ መርከብ ስታሰምጥ ወጣቶቹ አጨበጨቡ። እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ታላቅ ወንድሜ አለማየሁ እንደዚያች ባለች ጀልባ ላይ መርከበኛ ነበር። ከጣና ታንኳ በቀር ሌላ ከማያውቅ የገበሬ ቤት ወጥቶ ቀይ ባሕር ወረደ። አንድ ታኅሣሥ፣ ጤፉ ተወቅቶ ሳያልቅ ለእረፍት መጣ። አውድማው ዳር የሽምብራ እሸት እየፈለፈልን ለአባታችን ያስረዳዋል።

«ድሮ፣ አባባ፣ ትልቅ መድፍ የሚሸከመው ትልቅ መርከብ ብቻ ነበር። መድፍ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይገፋላ! ሮኬት ግን እንደዚያ አይገፋም። ለዚህ ነው የኛ ትንሿ ጀልባ ትልቁን የምታሰምጠው።»

«ያኛውም ሮኬት ካለውስ?» አለ አባቴ።

አለማየሁ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

በ1983 ደርግ ወድቆ ጦርነቱ ሲያበቃ አንድ ጓደኛው መርዶ ይዞ መጣ። ጀልባዋ ወደብ ላይ ተቃጥላለች፤ አለማየሁ ሲወጣ ያየው የለም። አባቴ ለቅሶ ጠራ። በእኛ አገር ለወንድ ሲለቀስ ልብሱና ጠመንጃው ከፊት ይዘረጋል። ጥሎት የሄደውን ነጭ የመርከበኛ ልብሱን ዘረጋንለት።

«መሣሪያውሳ? ምኑን ይዤ ላሞግሰው?» አለች አልቃሿ።

«መሣሪያው ጀልባዋ ናት፤ አብራው ተቃጥላለች» አልኩ እያለቀስኩ።

ይኼኔ እናቴ ተነሥታ ልብሱን ሰብስባ አቀፈችው። «ልጄን በቁሙ አትቅበሩብኝ! ሬሳውን ያየ አለ?» ብላ ጮኸች። ለቀስተኛው አንድ በአንድ እየተነሣ ሄደ፤ ድንኳኑም ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን በሄደች ቁጥር ክርስትና ስሙን፣ ወልደ ሰንበትን፣ ከሕያዋን ጋር ታስጠራው ጀመር። አባቴም ሆነ ቄሱ ሊከለክሏት አልደፈሩም። እኔም በልቤ እበሳጭ ነበር፤ ወንድሜን እንኳ አልቅሼ እንዳይወጣልኝ አደረገችኝ እያልኩ።

ዘንድሮ እናቴ አረፈች። ስም የማስጠራው አሁን እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ የንስሐ አባታችን የእሷን ስም ከሙታን ጋር ከያዙ በኋላ፣ «ወልደ ሰንበትንስ ከየትኛው ላድርገው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው ኖራለች፤ እዚያም ሄዳ ብቻዋን እንድትጠብቀው አልፈለግሁም።

«ከእሷ ጋር ያድርጉት፣ አባ» አልኩና ነጠላዬን ተከናንቤ አለቀስኩለት።