ከኋላ የገባው ቸርኬ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ፣ እዚሁ አዳማ ቤታችን አጠገብ፣ አንድ ጎረምሳ አሮጌ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ከኋላ በኩል ትንሽ ቸርኬ ሲገጥም አየሁ። መኪናዋ ሆዷ መሬት ሊልስ እስኪደርስ ዝቅ ተደርጋለች። ቸርኬውን በእጁ ገፋ አደረገው፤ ምንም ሳይነካ ዞረ። ጎረምሳው ፈገግ አለ። እኔ ዘንቢሌን አስቀምጬ ቆምሁ። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በአንድ የክረምት ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ፊዚክስ ጨርሼ ለዕረፍት እናቴ ዘንድ መጥቼ ነበር። የአዳማ ክረምት እንደ አዲስ አበባው ጨለማ አይደለም፤ ጠዋት ዘንቦ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ጭቃውን መልሳ አቧራ ታደርገዋለች። በየመንገዱ ዳር በቆሎ ይጠበሳል።

ብርሃኑ ጎረቤታችን ሲሆን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ከአጎቱ የወረሳት ጣሊያን ሠራሽ መኪና ነበረችው። አጎቱ በወጣትነቱ ለማማር ብሎ ሞላዎቿን አስቆርጦ ዝቅ ስላደረጋት የሰፈሩ ሰው «ዔሊዋ» ይላታል። ከሁለት ሰው በላይ ከተሳፈረባት ጎማዎቿ ፓራፋንጎውን እየፋቁ ይጮኻሉ። ብርሃኑ ሰኞ ለአምስት ዓመት ትምህርት ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ነው። ከመሄዱ በፊት እናቴን፣ እኅቱንና እኔን ላንጋኖ ሊያሳየን ቃል ገባ።

«ታርጋህ ይፈቅድልሃል?» አለችው እናቴ። ያኔ ቤንዚን ለመቆጠብ ሲባል አንዱን እሑድ ጎዶሎ፣ ሌላውን እሑድ ሙሉ ቁጥር ያላቸው መኪኖች ብቻ ነበር የሚነዱት።

«ጎዶሎ ነው፣ እትዬ። የፊታችን እሑድ የእኛ ነው።»

«የእኛ» የምትለዋን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ይዣት ዞርሁ። የምነግረው ነገር ነበረኝ። ሰፈር ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ የማይነገር ነው። ሐይቁ ዳር እናቴና እኅቱ አረፍ ሲሉ፣ እኔና እሱ ጥቂት ፈንጠር ብለን ስንሄድ፣ ቃሉ ይመጣልኛል ብዬ አሰብሁ። ሌላ ቀን አልነበረኝም።

አራት ሰው ጭኖ ላንጋኖ ለመድረስ አነስ ያለ ጎማ ያስፈልጋል። ዓርብ ዕለት ብርሃኑ «ነይ፣ ፊዚክስሽን እንፈትነው» ብሎ እየሳቀ ጋሽ ቱሉ ጋራዥ ይዞኝ ሄደ።

«አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ! እንዴት ነሽ፣ ልጄ!» አሉኝ ጋሽ ቱሉ፣ እጃቸው ግራሶ ስለነበር ክርናቸውን ዘርግተው። አጠገባቸው ከመቂ ሽንኩርት የሚያመላልስ የፒክአፕ ሹፌር ቆሟል። እሱ ጋ ያሉት አራት ትንንሽ ቸርኬዎች ናቸው፤ የሚፈልገው የብርሃኑን ትልልቆቹን ነው። አራት በአራት ሊቀያየሩ ተስማምተዋል።

«ቶሎ በሉ እንጂ» ይላል ሹፌሩ። «ሽንኩርቱ መቂ ላይ በቀለ!»

«ዔሊዋ ደግሞ በትንሽ ጎማ ልትዋኝ ነው» አሉ ጋሽ ቱሉ።

አራቱም ጎማ ወልቆ መኪናዋ እንጨት ላይ ተቀመጠች። ትንሹን ቸርኬ ከኋላ ገጠሙት፤ ቡሎኖቹ ልክ ሆኑ። ገፋ ሲያደርጉት ተሽከረከረ። ብርሃኑ አጨበጨበ። እኔ ቡሎን ያዥ ሆኜ ከፊት በኩል ቁጢጥ ብያለሁ። የፊቱ ፍሬን እንደ ኋላው አይደለም፤ ዲስክ ነው። ዲስኩን ነክሶ የሚይዘው ብረት ወደ ውጭ ወጣ ያለ ነው። ከነጠላዬ ክር መዘዝሁና ከመሐሉ እስከ ብረቱ ጫፍ ለክቼ ቋጠርሁ። ክሩን በትንሹ ቸርኬ ውስጥ ዘረጋሁት። ቋጠሮው ከቸርኬው ጠርዝ በአንድ ጣት አለፈ፤ ብረቱ አይገባም ማለት ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ለካሁ። አልተሳሳትሁም።

ተነሥቼ ቆምሁ። አፌንም ከፈትሁ።

«ምነው ኢንታላ፣ ቡሎን ዋጥሽ እንዴ?» አሉ ጋሽ ቱሉ። ሁሉም ሳቁ፤ ብርሃኑም ሳቀ።

«ምንም» አልሁ።

ሹፌሩ ትልልቆቹን ጎማዎች ጭኖ ሄደ። ከዚያ ወደ ፊት መጡ። ቸርኬው አልገባም። ጋሽ ቱሉ በቡሎን አስገድደው አሰሩት፤ ሊያዞሩት ሲሞክሩ ብረት በብረት ላይ ፋቀና ቀጥ አለ።

«ሳይረገጥ የያዘ ፍሬን ዛሬ አየሁ» አሉ ቀስ ብለው። ይህን ጊዜ ማንም አልሳቀም።

ብርሃኑ ዞር ሲል በእጄ ላይ የተቋጠረውን ክር አየ።

«አውቀሽ ነበር?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዔሊዋ እንጨት ላይ ቀረች፤ እሑዱም ላንጋኖ ሳንሄድ አለፈ። ብርሃኑ ሰኞ ዕለት በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ውጭ ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈልን፤ ከዚያ እዚያው ቀረ። ላንጋኖን ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከባሌና ከልጆቼ ጋር ነው። ብርሃኑ ውሃው ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ነው። ልጆቼ ሲንቦጫረቁ እኔ ዳር ዳሩን ጥቂት ፈንጠር ብዬ ሄድሁ።

ጎረምሳው ቀና ብሎ አየኝ።

«ከፊት ሞክረኸዋል?» አልሁት።

«አንድ ነው እኮ፣ ማዘር።»

«አንድ አይደለም። የፊቱ ዲስክ ነው። የድሮውን ለሰው ሳትሰጥ ከፊት ለካው።»

«ማዘር መካኒክ ኖት እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ግን ቸርኬውን ይዞ ወደ ፊት ሄደ። ይህን ለማለት ትንፋሽ እንኳ አልፈጀብኝም። ያኔ ያልወጣችው ቃል ከዚህ አትረዝምም ነበር። አንዳንዴ የምናፍቀው ብርሃኑን ይሁን ያቺን ያልተናገረች ልጅ፣ ለይቼ አላውቅም።

ብርሃኑ እስከ ዛሬ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ጎማው በተቀየረ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ትልልቆቹን ጎማዎች ላስመልስ ለማንም ሳልናገር በመጀመሪያው አውቶቡስ መቂ ወረድሁ። ደላሎቹ በሚጯጯሁበት፣ ሽንኩርት እንደ ጉብታ በተከመረበት ሜዳ መሐል ቆሜ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በማላውቀው ሰው ሁሉ ፊት ጮኽሁ፦ «ትናንት አዳማ ጎማ የቀየረው ሹፌር የት ነው?» ጫጫታው ቆመ። አንዱ ጆንያ ላይ እንደተቀመጠ፣ «ሄዷል፣ እኅቴ፤ ጎሕ ሳይቀድ ጭኖ አዲስ አበባ ገባ» አለኝ። እናቴ የት ነበርሽ ስትለኝ የምመልሰው እንዳላጣ፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስሁ።