ሳይጠሩኝ የሄድኩበት አጨዳ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ። ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ወደ ቤቴ ብመለስ ሆዴ አይችለውም፤ ትንሽ ታገሡኝ። አንደበቴ የገበሬ ነው፤ ማሳጠር አልችልበትም።

ከቡሬ ወጣ ብላ ካለች መንደር እንደምመጣ ታውቃላችሁ። ጌታን ሳላውቅ የምኖረው ለሰው አፍ ነበር። ጧት «ዛሬ ደግሞ ማን ምን ይለኝ ይሆን?» ብዬ እነሣለሁ፤ ማታም በዚያው እተኛለሁ። ወንጌልን የነገረችኝ ቡሬ ገበያ በርበሬ ስንሸጥ ጎኔ የተቀመጠች እኅት ናት። ማንበብ አልችልም ብላት ቃሉ የተቀዳበትን ሜሞሪ ስልኬ ውስጥ አስገባችልኝ። ከዚያ ወዲህ ጧት ላሜን ሳልብ ጥቂት እሰማና እዘጋዋለሁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ እንደ ላሚቱ ሳመነዥከው እውላለሁ። ብዙ ብሰማ ያመልጠኛል፤ ጥቂቱ ግን አይለቀኝም። ስሙ ይባረክ።

ውሎ አድሮ ባለቤቴም አመነ። ያኔ ታላቅ ወንድሙ አያ ስንሻው ተቆጡ። «የአባታችንን ሃይማኖት ትታችሁማ ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ወንፈል የለም» አሉ። እሳቸውን አይቶ መንደሩም ተወን። አብሮት የሚያርስ የሚያጭድ ያጣ ገበሬ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም።

አምና ጤፋችን እንደደረሰ ባለቤቴ የቤት ክዳን ሲጠግን ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ፍኖተ ሰላም ወሰድነው። ሐኪሙ «አይዞሽ፣ አጥንቱ ይገጥማል። የዘንድሮን አጨዳ ግን እርሱት» አለኝ። ሰማዩ ደግሞ ያለ ወቅቱ ጠቁሯል። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ከመታው ምን ይተርፋል? የልጆቼ የዓመት ቀለብ እሱ ነበር። አለቀስኩ፣ አልዋሽም።

በማግስቱ ጧት የሰማሁት ቃል ለሚጠሉን መልካም እንድናደርግ የሚለው ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ እንኳ ሌላ ብታሰማኝ ምን ነበረበት?» አልኩት። ሳመነዥከው ግን አያ ስንሻው በዚያ ቀን እንደሚያሳጭዱ ትዝ አለኝ። ማጭዴን አነሣሁ። ባለቤቴ «የኛው ቆሞ?» አለኝ። «የኛንማ ብቻዬን አልጨርሰውም፤ ይሄን ቃል ግን ዛሬ ልፈጽመው እችላለሁ» ብዬው ወጣሁ።

አያ ስንሻው ሲያዩኝ «ማን ጠራሽ?» አሉ። በኛ አገር ለወንፈል ሳይጠሩ አይኬድም፤ ሠርቶ ለዋለ ደግሞ ቀኑን መመለስ ግድ ነው። የፈሩት እሱን ነው።

«አያ፣ ወንፈል አይደለም፤ ይመልሱልኝ አልልም። ዝም ብለው ያሠሩኝ» አልኳቸው።

አጫጆቹ «የራሷ ቆሞ የሰው ታጭዳለች» ብለው ሳቁብኝ። ወገኖቼ፣ ያ የሰው አፍ ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም። ፈለግኩት፣ አጣሁት። ሃሌሉያ። ፀሐይ እስክትጠልቅ አጭጄ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በነጋታው ላሜን እያለብኩ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ብቅ ብል አያ ስንሻው ማጭድ የያዙ ጎረቤቶች አስከትለው ጤፋችን ውስጥ ገብተዋል። ሮጬ ሄጄ «አያ፣ ይመልሱልኝ አልልም ብዬ አልነበር?» አልኳቸው።

ቀና ሳይሉ «አንቺማ ብለሻል። እኔ የሰው ጉልበት በልቼ አላድርም። ደግሞ ልጸልይ አልመጣሁም፤ ላጭድ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

ዝናቡ የመጣው ነዶው ተከምሮ ካለቀ በኋላ ነው። ጌታ ይመስገን። ባለቤቴም ያው ከኋላ ተቀምጧል፤ በእግሩ ነው የመጣው።

አያ ስንሻው እስካሁን አላመኑም። ግን ያን ቀን የሄድኩት ጧት በሰማሁት ቃል እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁና፣ ጧት ውሃ ስወርድ መንገድ ላይ ካገኙኝ «እንዴት አደርሽ» ይሉና «ዛሬስ ምን አለሽ?» ብለው ይጠይቁኛል።

ወገኖቼ፣ ጌታ ለኛ ሳንጠራው ነው የመጣልን። ውሎውን ልንመልስለት አንችልም፤ እሱም መልሱልኝ አላለንም። በእሱ ታመኑ። ጧት ጥቂት ስሙ፣ የሰማችሁትንም በዚያው ቀን አድርጉት። እኔም ነገ ላሜን ሳልብ እሰማለሁ፤ አያ ስንሻው መንገድ ላይ ይጠብቁኛል።