የቀያሹ ሦስት ጥሪዎች

ከሱቄ ፊት ለፊት መንገዱን የሚለካው ቀያሽ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጫማው አቧራ ጠግቧል፤ የሰደርያው ኪስ ተቀዶ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። መሣሪያውን ባለሦስት እግሩ ላይ ያቆምና መሣሪያው የየአገሩን ሳተላይቶች እስኪያገኝ ድንጋይ ላይ ዘፍ ይላል። ልኩን ከወሰደ በኋላ ነቅሎ እንደገና ይተክላል። ሳይደግም ሄዶ አያውቅም።

«የአንድ አገር ሳተላይት አይበቃም እንዴ?» አልኩት።

«ብቻውን በሜትር ይስታል፣ እናቴ። የሌሎቹም ሲጨመሩ ነው ስህተቱ ጣት የሚያክለው።»

ዛሬም እንደ ልማዱ ልኩን አንዴ ወስዶ ስልኩን አወጣ። ጆሮው ስለሚከብደው የስልኩን ድምፅ ለቆ ነው የሚያወራው። መጀመሪያ አባቱ ጋ ደወለ።

«ደህና ነኝ፣ ሥራህን ሥራ» አሉት በደከመ ድምፅ።

ቀጥሎ እህቱ ጋ ደወለ።

«አባባ ደህና ነው አልኩህ እኮ! አታስብ።»

በመጨረሻ የአባቱ ጎረቤት ጋ ደወለ። ሴትየዋ ገና ሰላም ስትለው የስልኩን ድምፅ ቀንሶ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ብዙ ሰማ። «እሺ፣ እትዬ» ብቻ አለ።

ተነስቶ የመሣሪያውን እግሮች ማጠፍ ጀመረ።

«አልደገምከውም እኮ!» አልኩት።

«ይቅር፣ አባቴ ጋ ልሂድ» አለ ቀና ሳይል። «እትዬ አይዋሹኝም።»