የክር ፋብሪካው ወለል

ባለፈው ቅዳሜ ኦስሎ፣ ግሮንላንድ ሰፈር፣ አንድ ሱቅ ጤፍ ልገዛ ገብቼ ሳሮንን አየኋት። ቅመም የተደረደረበት መደርደሪያ አጠገብ ቆማ የአንድ ከረጢት ጀርባ ታነባለች። ጠጉሯን አሳጥራዋለች፤ ሌላው እንዳለ ነው። አቋቋሟ እንኳን አልተለወጠም፤ አንድ እግሯን ወደ ፊት አድርጋ፣ ሰው ሁሉ መንገድ እንዲለቅላት የምትጠብቅ ትመስላለች። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሰላም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ አልከፈትኩም። ከረጢቱን ወደ ቦታው መለሰች፣ ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠችና ምንም ሳትገዛ ወጣች። ባለሱቁ በዓይኑ ሸኛትና ወደ እኔ ዞሮ፣ "ምን አድርገሻት ነው?" አለኝ እየሳቀ።

የጤፉን ከፍዬ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ እማር ነበር፣ ሁለተኛ ዓመት። ክፍላችን ውስጥ ሐበሾች እኔና ሳሮን ብቻ ነበርን፤ ስለዚህ ሁሉም ጓደኛሞች ነን ብሎ ያስብ ነበር። እሷ ኦስሎ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ኖርዌጅኛው ከአፏ እንደ ውሃ ይፈስሳል። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ነው የመጣሁት። አንድ ዓረፍተ ነገር ከመናገሬ በፊት ሦስት ጊዜ በሆዴ እለማመደዋለሁ፤ ተለማምጄ ስጨርስ ውይይቱ ሌላ ቦታ ደርሶ ይጠብቀኛል።

የምንተዋወቀው በቤተ ክርስቲያንና በእናቶቻችን ነው። የእኔ እናትና የእሷ እናት፣ እትዬ ብዙነሽ፣ ሴንትሩም፣ መሃል ከተማው፣ አንድ ሕንጻ ውስጥ ቢሮ ያጸዱ ነበር፤ አንድ ፎቅ ላይ፣ አንድ የዕቃ ጋሪ እየገፉ። ቅዳሜና የትምህርት ዕረፍት ሲሆን እኔም በማለዳው ባቡር ከምንኖርበት ከስቶቭነር ሰፈር አብሬያቸው ወርጄ እወለውላለሁ። ሳሮን አንድ ቀን መጥታ አታውቅም። ክፍል ውስጥ እናቷ የቢሮ ኃላፊ እንደሆኑ ተናግራለች። እዚያው ተቀምጬ ሰምቻታለሁ፤ አላረምኳትም። ግን አልወዳትም ነበር፤ ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ መምህራችን ቶሪል ክፍሉን ይዛ ወደ ስኮትላንድ ሄደች፤ አንዲት የጥንት የፋብሪካ መንደር ልናጠና ነው። ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ነግራናለች። ከመካከላችን አንድ ተማሪ በአውሮፓ በጋ፣ ሐምሌ ላይ፣ ተመልሶ የፋብሪካውን ካርታ ይሠራል፤ ማስተርሱንም በዚያው ይቀጥላል። ያንን ቦታ እንደፈለግሁት በዕድሜዬ የፈለግሁት ነገር የለም። መናገር የማያስፈልገው ሥራ ነበር፤ መለካት፣ ማየት፣ መሣል ብቻ። ሳሮንም ፈልጋዋለች፤ እሷ ደግሞ መፈለጓን ለሁሉም ነግራለች።

እናቴ ሁዳዴ ስለነበር ለመንገድ የጾም ፍርፍር በዕቃ አስይዛኛለች። አውቶቡስ ውስጥ ክዳኑን ልነካ ስል ሳሮን ከኋላዬ አንገቷን አስግጋ በአማርኛ፣ "እሱን እዚህ ከከፈትሽው በመስኮት ነው የምወረውርሽ" አለችኝ።

"እኔን ወይስ ፍርፍሩን?"

"ሁለታችሁንም።"

እሷ ራሷ ቡናማ አይብ የተደረገበት ዳቦ ትበላ ነበር። እናቷ ቢያዩ ጉድ ይፈላ ነበር አልኩ በሆዴ። በሆዴ የማልለው ነገር አልነበረም።

የመንደሯን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር ነው፤ ሁልጊዜም እርጥብ ነው። ከላይ ሲያዩት የበግ መስክ እንጂ መንደር ያለ አይመስልም። ከዚያ መሬቱ በድንገት ይከፈልና ታች ሸለቆው ውስጥ ጥቁር ጣሪያዎች ብቅ ይላሉ። ወንዙ ቀዩን ድንጋይ ቦርቡሮ በአጭር ርቀት ብዙ ቁልቁል ይወርዳል፤ መንደሯ የተፈጠረችውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ባለሀብት ውሃው የሚወርድበትን አየ፤ ከላይ በቦይ ጠልፎ መንኮራኩር ላይ ጣለው፤ ባለ አራት ፎቅ የክር ፋብሪካ አቆመ፤ ለሠራተኞቹም ሁለት ረድፍ ቤት ሠራ። ቤተ ክርስቲያኑም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሱቁም የእሱ ነበሩ። በኋላ የባቡር ሐዲድ ሲመጣ ሸለቆው ውስጥ መውረድ አልቻለምና ከላይ ሜዳው ላይ ቀረ። ከሰሉ በጋሪ ይወርዳል፣ ክሩ በጋሪ ይወጣል። ሌሎች ከተሞች በእንፋሎት ሞተር ሲያድጉ ይቺ ከውሃዋ ጋር ተቀመጠች፤ በመጨረሻም ተዘጋች። አሁን የላይኞቹ ፎቆች መኖሪያ ሆነዋል። ምድር ቤቱ ተቆልፎ ይኖራል።

ፋብሪካው የሚፈትለው ተልባ ነበር። ማታ ስደውልላት ለእናቴ ነገርኳት።

"ተልባ? የምንጠጣውን?"

"ፍሬውን አይደለም እማዬ። ከግንዱ የሚወጣውን ቃጫ ነው። ጨርቅ ይሆናል።"

"እኛ እኮ ገለባውን እናቃጥለው ነበር" አለች። ትንሽ አሰበችና፣ "ስንት ቀሚስ አቃጥያለሁ በይኛ!"

በማግስቱ ቶሪል ሁለት ሁለት አድርጋ ስትመድበን እኔንና ሳሮንን ምድር ቤቱን አብረን እንድናጠና ሰጠችን። ደግ ነገር ያደረገችልን ሳይመስላት አልቀረም። ቁልፉን የያዙት ረዥም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሽማግሌ ነበሩ። የመንደሩ ሰዎች ያሳተሙትን በራሪ ጽሑፍ አደሉንና በሩን እየከፈቱ፣ "መጋዘን ነበር። ጥሬ ተልባ ይከማችበት ነበር። ግድግዳውን እንዳትነኩ" አሉ። ሌላ ጥያቄ እንዳናነሳ የሚያስጠነቅቁ ይመስል ነበር።

ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ የእርጥብ ኖራ ሽታ አለው። ሌሎቹ ብቅ እያሉ የጣሪያውን ቅስትና ምሰሶውን ፎቶ ያነሳሉ። እኔ እንደ ልማዴ ወደ ታች አየሁ። ወለሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። መጋዘን ቢሆን የሚያልቀው መሃል ለመሃል ነው፣ ጋሪ በሚመላለስበት። እዚህ መሃሉ ሸካራ ነው። ያለቀው በረድፍ ነው፤ እንደ ሳህን የጎደጎዱ ለስላሳ ቦታዎች፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከግድግዳው እኩል ርቀው፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰልፈዋል። በምናጸዳቸው ቢሮዎች ውስጥ የሻይ ክፍሉ ዕቃ ማጠቢያ ፊት ንጣፉ የሚያልቀው ልክ እንዲህ ነው። ሰው አንድ ቦታ ቆሞ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር እንዲህ ያደርጋል።

ግድግዳውን አየሁ። እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ይለያል። ይህንን ማየት ያስተማሩኝ እትዬ ብዙነሽ ናቸው። "ፍሬ፣ ክፍል ስትገቢ መጀመሪያ የግድግዳውን ታች እዪ። ውሃ የት ድረስ እንደሚረጭ እሱ ይነግርሻል" ይሉኝ ነበር፣ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ እያሉ።

ተልባ በሙቅ ውሃ ውስጥ እያለፈ እንደሚፈተል፣ ውሃው እንደሚረጭ፣ ሴቶቹ በባዶ እግራቸው ውሃ ላይ ቆመው እንደሚውሉ መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር።

"ሳሮን፣ ይሄ መጋዘን አይደለም" አልኳት።

"ወረቀቱ ላይ ተጽፎ የለ እንዴ?"

"ተመልከቺ። እዚህ ሰው ነው የቆመው። ውሃም ነበር።"

ወለሉን አየች፤ ከዚያ እኔን። እንደገባት ፊቷ ላይ አየሁ። "እሺ፣ እንዴት አወቅሽ ሲሉሽ ምን ልትዪ ነው?"

ጎንበስ ብዬ አንዱን ጉድጓድ በእጄ ዳሰስኩ።

"ስንወለውል አየን ልትዪ ነው? ኔይ። አይሆንም፣ ፍሬ። እናቶቻችንን እስከዚህ ድረስ ጎትተሽ አታምጪብን።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የእኔን እናት ስም ካፍሽ ብሰማ እግዚአብሔርን አልለቅሽም።"

"የራሴንስ?"

"የራስሽን እንደ ፍጥርጥርሽ።"

ኦስሎ ተመልሰን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴሚናር ነበረን። ሳሮን ቆማ አቀረበች፤ መጋዘን ነው አለች፤ አሳምራ አለችው። እኔ ጎኗ ተቀምጬ ሥዕሎቹን እገልጣለሁ። ስትጨርስ ቶሪል፣ "ፍሬ፣ የምትጨምሪው አለ?" ብላ ጠየቀች። መልስ ሳልሰጥ ሳሮን ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ "ፍሬ መናገር አትወድም" አለች። ክፍሉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ለዚያ ይመስለኛል የባሰብኝ።

ተነሳሁ። ስለ ጉድጓዶቹ፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ሙቁ ውሃ ተናገርኩ። አንዱንም ቃል አልተለማመድኩትም ነበር። ቶሪል ፎቶዎቹን አቅርባ ለረዥም ጊዜ አየችና፣ "ይህንን ማንበብ የት ተማርሽ?" አለችኝ።

"እናቴ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት እሠራለሁ።"

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ጥያቄው ተመልሷል፤ ቶሪልም ራሷን እየነቀነቀች ነበር። እኔ ግን ወደ ሳሮን ዞርኩና ቀጠልኩ። "ያስተማሩኝ ግን የሳሮን እናት ናቸው። አብረው ነው የሚወለውሉት።"

ከኋላ አንዱ፣ "ኃላፊ ናት አላልሽም እንዴ?" አለ። ሳሮን ወረቀቶቿን ሰበሰበች፤ ጠረጴዛው ላይ እየመታች ጠርዛቸውን አስተካከለች፤ ተስተካክለውም መምታቷን አልተወችም። ከዚያ ሳታየኝ በአማርኛ፣ "ደስ አለሽ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። እውነቴን ነበር።

የበጋውን ሥራ እኔ አገኘሁ። ሳሮን በሚቀጥለው ወቅት ወደ ሌላ ትምህርት ተዛወረች። ወሬው ግን ከዚያ በፊት እትዬ ብዙነሽ ዘንድ ደርሶ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

"ብዙዬ ዛሬ አላናገረችኝም። አንድ ባልዲ ይዘን ስንሠራ ውለን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሌላ ሕንጻ እንዲቀይሯት ጠይቃለች አሉ።"

የሆነውን ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"የእኔን ተናገሪ። አላፍርበትም። የብዙነሽን ማን ስጪ አለሽ?"

"እውነት እኮ ነው እማዬ። ደግሞ ማመስገኔ ነው፤ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ።"

"ማመስገን ከሆነ ቤቷ ሄደሽ ትነግሪያታለሽ" አለችና ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

አልሄድኩም።

ሐምሌ ላይ መንደሯ ውስጥ ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። በየቀኑ ይዘንባል፤ ወንዙ ደፍርሶ ቀይ ይሆናል። ካርታውን ስጨርስ ምድር ቤቱ ላይ "እርጥብ መፍተያ ክፍል" ብዬ ጻፍኩ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

"ይህን ማን ነገረሽ?"

"ወለሉ" አልኩ።

ጆሮአቸው ቀላ። "አያቴ ናት እዚያ የቆመችው። በባዶ እግሯ። እግሯ እስክትሞት አልዳነም።"

"ታዲያ ለምን መጋዘን ነበር ትላላችሁ?"

"እሷ ስትጠየቅ፣ ሱቅ ውስጥ ነው የሠራሁት ነበር የምትለው። የሌሎቹም አያቶች እንደዚያው። መጋዘን ነበር በሉ ያሉን እነሱ ናቸው።" ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። "አጥፊው።"

አላጠፋሁትም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ፤ እስክሄድ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ካርታው ዛሬም በሩ አጠገብ ተሰቅሎ ይታያል ይሉኛል። ላደርግላቸው የቻልኩት ነገር ቢኖር የመንደራቸውን ስም እዚህ አለመጻፍ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። እናቴ አሁንም፣ "ሂጂና ሳሮንን ይቅርታ ጠይቂያት" ትለኛለች። ሳሮንን ዛሬም አልወዳትም። ዋሽታለች፤ ትከሻዬን መታ መታ ያደረገችበትም ቦታ አንዳንዴ ይሰማኛል። ስለ ወለሉ የተናገርኩትም ትክክል ነበር፤ አንዱንም ቃል መልሼ አልወስድም። ግን ያን ዕለት ስለ እትዬ ብዙነሽ የተናገርኩት ለምስጋና እንዳልነበረ እኔ አውቃለሁ። እንደ ድንጋይ ነው የወረወርኳቸው።

አሁን በኮሙኑ፣ በከተማው ማዘጋጃ ቤት ውስጥ፣ አሮጌ ሕንጻዎች ከመፍረሳቸው በፊት የሚመዘግበው ክፍል ነው የምሠራው። ባለፈው ወር አከርሴልቫ ወንዝ ዳር አንድ የድሮ ፋብሪካ ገብተን ነበር። ጎንበስ ብዬ የግድግዳውን ታች እያየሁ ሰዎቹ የት ይቆሙ እንደነበር ስናገር፣ አብራኝ የነበረችው አዲስ ተቀጣሪ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች።

"ይህንን ማን አስተማረሽ?" አለችኝ።

የእትዬ ብዙነሽ ስም አፌ ላይ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ቆመዋል፤ ኃላፊዬም እዚያው ናት።

"ዩኒቨርሲቲ" አልኩ።

ጻፈችው።